ከእኔ በላይ አልቃሽ ላሳር

ዝነኛ ጊታሪስት ሲሞት ባልደረቦቹ የሚያወጡትን የሐዘን መግለጫ ልብ ብሎ ላነበበ፣ ሟቹ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይጠፋል። የመጀመሪያው “ታላቅ ሰው አጣን” ይላል፤ ደንብ ስለሆነ አይቀርም። ሁለተኛው “እኔ” ብሎ ይጀምራል። እኔ የመጀመሪያ ሸክላውን የገዛሁት በ14 ዓመቴ ነው። እኔን ጊታር ያስያዘኝ እሱ ነው። እኔና እሱ አንድ ማታ ከመድረክ ጀርባ ሲጋራ ተካፍለናል። አምስተኛው ላይ ሲደረስ ተናጋሪው በቅርቡ ስለሚወጣው የራሱ አልበም ያወራል። አልበሙ በሟቹ መንፈስ የተሠራ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ይህን ዐመል ከነሙሉ ክብሩ ማየት የፈለገ ሰው የአሌክስ ቺልተንን ለቅሶ ይመልከት። ከሮክ ለቅሶዎች ሁሉ የማልጠግበው የእሱን ነው፤ ሰውየው በሕይወቱ ሳለ፣ በኋላ የተለቀሰለትን ሥራ “ተጋኗል” ሲል የኖረ ነውና።

ቺልተን የሜምፊስ ልጅ ነው። በ1967 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ገና በ16 ዓመቱ ቦክስ ቶፕስ ከሚባል ባንድ ጋር “ዘ ሌተር” የሚለውን ዘፈን ተጫወተ። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ልጁ ግን በዚያ ሻካራ ድምፁ ሲያወጣው ሁለቴ ትዳር የፈታ ጎልማሳ ይመስል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለአራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ዝና እንዲህ ሳይለፋ ቤቱ ድረስ የመጣለት ሰው በቀሪ ዕድሜው ለዝና ግድ ቢያጣ አይፈረድበትም።

በ1971 ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር ሌላ ባንድ ውስጥ ገባ፤ ጊታሪስቱ ክሪስ ቤል፣ ባስ ተጫዋቹ አንዲ ሁመልና ድራመሩ ጆዲ ስቲቨንስ ነበሩ። የሚቀዱበት አርደንት ስቱዲዮ አካባቢ፣ መንገዱን ሻገር ብሎ፣ ቢግ ስታር የሚባል ሱፐርማርኬት ነበር። ልጆቹ ለባንዳቸው ስም ቸግሯቸው ሲያስቡ የሱቁን ስም ወሰዱት፤ “ትልቅ ኮከብ” መሆናቸው ነው። በ1972 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ደግሞ “ነምበር ዋን ሪከርድ” አሉት፤ አንደኛ የወጣ ሸክላ። እንዲህ ያለ ስም ሲወጣ ከላይ የሚሰማ አለ መሰለኝ። አልበሙ ያን ጊዜ የተሸጠው ከ10 ሺህ በታች ነው። የዜማው ጥፋት አልነበረም። የሚያከፋፍለው ስታክስ በሶል ሙዚቃ አቻ የሌለው ኩባንያ ቢሆንም፣ ይህን ሸክላ ሱቅ ማድረስ ግን አልሆነለትም።

በ1973 ሜምፊስ ላይ የሮክ ጸሐፊዎች ጉባኤ ተጠራና ቢግ ስታር ፊታቸው ተጫወተ። ለማንም ኮንሰርት ክንዱን አጣጥፎ የሚቆመው የሃያሲ ዘር ያን ማታ ተነሥቶ ጨፈረ ይባላል። ይህች ማታ የባንዱን ዕጣ ሁሉ ታስረዳለች። ሃያሲ ማለት ሸክላ በነጻ የሚላክለት ሰው ነው። ስለዚህ አልበሙን ያገኙት ወደዱት፣ የወደዱት አልገዙትም፣ ሊገዛው የፈለገ ደግሞ አላገኘውም። ሁለተኛው አልበም በ1974 ወጥቶ ያው ገጠመው። ሦስተኛው በዚያው ዓመት ተቀድቶ የሚያወጣው ኩባንያ በመጥፋቱ እስከ 1978 መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞችን ሲዘረዝር ሦስቱንም አስገባቸው። ባንዱ ከተበተነ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም ነበር።

በእውነቱ ከሆነ የመጀመሪያው ትልቅ ለቅሶ ለክሪስ ቤል ነበር የሚገባው። የባንዱ መሥራች፣ የመጀመሪያው አልበም ግማሽ ነፍስ እሱ ነው። አልበሙ ሲከስር አብሮ ተሰበረና ባንዱን ለቀቀ፤ በኋላም በቤተሰቡ ሬስቶራንት ሥራ ያዘ። ዲሴምበር 27 ቀን 1978 በመኪና አደጋ ሞተ፤ በማግስቱ ቺልተን 28 ዓመት ሞላው። ቤል ሲሞት 27 ዓመቱ ነበር። በሮክ ዓለም 27 የታወቀ የሞት ዕድሜ ነው፤ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ጂም ሞሪሰን በዚሁ ዕድሜ ሄደው ዛሬም ድረስ ይለቀስላቸዋል። ቤል ዕድሜውን ሳያዛንፍ አሟልቶ እንኳ፣ ከቤተሰቡና ከጥቂት ጓደኞቹ በቀር አልቃሽ አላገኘም። ለብቻው የሠራው አልበም የወጣው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። ለካስ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ መታወቅም ያስፈልጋል።

ቺልተን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄደ። ሳህን አጠበ። የዛፍ ቅርንጫፍ ቆረጠ። በኋላ “ጊታር ያስያዘኝ እሱ ነው” የሚሉት ያን ጊዜ ጊታራቸውን ተሸክመው ከአንዱ የኮሌጅ ከተማ ወደ ሌላው ይዞሩ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ያስያዛቸው እውነትም እሱ ነው፤ አልክድም። አር ኢ ኤም የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ፒተር በክ ጆርጂያ ውስጥ የሸክላ ሱቅ ተቀጣሪ ነበር፤ እንደሱ ላለ ወጣት ማንም የማይገዛው ሸክላ የሥራ ጥቅማ ጥቅም ነው። ባንግልስ የተባሉት ሴቶች በ1986 ከቺልተን ዘፈኖች አንዱን፣ በሚሊዮን በተሸጠው አልበማቸው ውስጥ አስገቡት። ሪፕሌስመንትስ የተባለው ባንድ ልጆች በ1987 ይባስ ብለው “አሌክስ ቺልተን” የሚል ዘፈን አወጡ፤ ሰውየው በሕይወት እያለ። የሚገርመው በዚያው አልበም ሌላ ዘፈን ላይ ቺልተን ራሱ ጊታር ተጫውቶላቸዋል። በቁሙ ሐውልት ሲያቆሙለት ሲሚንቶ ያቀበላቸው ማለት ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ደቀ መዝሙር ቲኬት ቆርጦ ኮንሰርቱ ላይ ሲመጣ መምህሩ ምን ይጫወት ነበር? “ቮላሬ”ን። አዎ፣ ያንን የጣሊያኖቹን። በ1987 አልበሙም ላይ ቀርጾታል። የድሮ ሪትም ኤንድ ብሉዝና ጃዝም ይጨምርበታል፤ አባቱ የጃዝ ሙዚቀኛ ነበርና በቤቱ ያደገበት ነገር ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከፊት ቆመው የ1972ቱን የ21 ዓመት ልጅ ሲጠብቁ የ36 ዓመቱ ሰው ይወጣና ደስ ያለውን ይጫወታል። አንዱ “እያላገጠብን ነው” አለ። ሌላው “ችሎታውን ሆን ብሎ እየገደለ ነው” አለ። ዘፈኑን ወዶት ይሆናል ብሎ የገመተ ጥቂት ነው።

በ1993 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ቢግ ስታር እንደገና ሲሰበሰብ የጎደሉትን ሁለት ቦታዎች የሞሉት ፖዚስ ከሚባለው ባንድ የመጡ ሁለት አድናቂዎች ናቸው። እነዚህ ቢያንስ ለለቅሶው ቀን አልጠበቁም። በ1998 ደግሞ ስለ 1970ዎቹ የተሠራ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከመጀመሪያው አልበም አንድ ዘፈን ወስዶ መግቢያው አደረገው፤ በሌሎች ሰዎች ድምፅ። አሜሪካ በሙሉ ዜማውን አንጎራጎረው። ቺልተን ለሮሊንግ ስቶን እንደነገረው፣ ትርኢቱ በተላለፈ ቁጥር የሚደርሰው 70 ዶላር ነበር። የቁጥሩ ምጸት ራሱንም አላመለጠውም።

በ2005 የለቅሶው ልምምድ ተካሄደ። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ ቺልተን ቤቴን አልለቅም ብሎ ቀረ፤ ለቀናት ወሬው ጠፋ፣ ወዳጆቹም ተጨነቁ። በመጨረሻ በሄሊኮፕተር ተነሥቶ ወጣ። በዚያው ጎርፍ ታላቁ ፋትስ ዶሚኖ ሞቷል ተብሎ፣ አንድ ሰው ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም የስንብት ቃል ጽፎለት ሄደ። ዶሚኖ ከጎርፉ ተርፎ ሌላ 12 ዓመት ኖረ። አንዳንድ አልቃሽ ሬሳ እስኪገኝ እንኳ ትዕግሥት የለውም።

ዋናው ለቅሶ የመጣው ማርች 17 ቀን 2010 ነው። ቺልተን በ59 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ ቢግ ስታር ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ፣ ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሊጫወት ተይዞለት ነበር። ለአልቃሽ ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? የሮክ ሙዚቀኛው፣ ጋዜጠኛው፣ ማኔጀሩ ሁሉ አንድ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሆቴሉ ተይዟል፣ ጊታሩ ተቃኝቷል፣ ማይክሮፎኑ ቆሟል። ኮንሰርቱ ስለዚህ አልተሰረዘም፣ ወደ ለቅሶ ተቀየረ እንጂ። አንቶንስ በሚባለው ክለብ የአር ኢ ኤሙ ማይክ ሚልስ፣ የኤክሱ ጆን ዶ፣ የሌመንሄድሱ ኢቫን ዳንዶና ሌሎችም እየተፈራረቁ የሟቹን ቦታ ያዙ። አንዲ ሁመልም ከብዙ ዓመታት በኋላ መድረክ ላይ ታየ። የሪፕሌስመንትሱ ፖል ዌስተርበርግ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስንብት ጻፈ፤ ጥሩ ነው የጻፈው።

ሐዘናቸው የውሸት ነበር አልልም። ግን የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው እንደሚባለው፣ በዚያ ሳምንት የቺልተን አንገት ከጣሪያ በላይ ወጣ። የሞተው የ59 ዓመት ሰው ነው፤ የተለቀሰለት የ21 ዓመቱ። ያን ማታ በአንቶንስ የተዘፈነውም የ1970ዎቹ ቢግ ስታር ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሃያ አምስት ዓመት ሲመኙት የኖሩትን የቺልተን ኮንሰርት በመጨረሻ አገኙት፤ የሚወዷቸው ዘፈኖች አሉ፣ “ቮላሬ” የለም፣ አሻፈረኝ የሚል ሰው የለም። ሟች አያስቸግርም።

የሜምፊሱ የሕዝብ ተወካይ ስቲቭ ኮኸን ደግሞ በዚያው ሳምንት ዋሽንግተን ውስጥ፣ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ቆሞ ቺልተንን አሞገሰ። ሳህን ላጠበ ሰው ቀላል ክብር አይደለም። ምክር ቤቱ ያን ሰሞን አንገቱ ድረስ የተነከረው ግን በጤና መድን ሕግ ክርክር ውስጥ ነበር፤ ሕጉን ማርች 21 አጸደቀው። በኋላ የቺልተን ባለቤት ለኒው ኦርሊንስ ጋዜጣ እንደተናገረችው፣ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ሣር ሲያጭድ ትንፋሹ ያጥረው፣ ብርድ ብርድም ይለው ነበር። ሐኪም ቤት ያልሄደበት አንዱ ምክንያት መድን ስላልነበረው ነው። ኮኸን ለሕጉ ድምፁን ሰጥቷልና እሱን አልወቅስም። ስለ ቺልተን ተጽዕኖ በዚያ ሳምንት የተባለውም ሁሉ ልክ ነው። ተጽዕኖን ቆጥሮ የሚቀበል ገንዘብ ተቀባይ ግን ክሊኒክ ውስጥ የለም።

አንዲ ሁመል በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሞተ። ሙዚቃን ገና በ1970ዎቹ ትቶ፣ ተምሮ፣ አውሮፕላን በሚሠራው ሎክሂድ ኩባንያ መሐንዲስ ሆኖ የኖረ ጨዋ ሰው ነበር። “ባስ ጊታር ያስያዘኝ እሱ ነው” ብሎ የተነሣ እስካሁን አልገጠመኝም።

የቺልተን ለቅሶ ግን ሳልስትም ሰባትም አላበቃውም፤ ጉብኝት ወጣ። ከዲሴምበር 2010 ጀምሮ፣ አንድም ኩባንያ ላውጣው ሳይል ለዓመታት የቆየውን ሦስተኛውን አልበም፣ ክሪስ ስቴሚ የተባለው ሙዚቀኛ ባሰባሰበው ቡድን፣ በቫዮሊንና በቼሎ ታጅቦ ከኖርዝ ካሮላይና ተነሥቶ ኒው ዮርክና ለንደን ድረስ ይቀርብ ጀመር። ዘፋኞቹ ይፈራረቁ፣ እያንዳንዱም አንድ ዘፈን ይደርሰው ነበር፤ ከዘፈኑ በፊት ደግሞ “እኔ ይህን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት…” የምትል ትንሽ ጊዜ ነበረችው። ድራም የሚመታው ጆዲ ስቲቨንስ ነበር። ከዋናዎቹ አራት የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ሙገሳውን በገዛ ጆሮው የሚሰማው የባንዱ አባልም እሱ ብቻ ነበር። የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከድራሙ ኋላ ተቀምጦ፣ ተናጋሪዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ስለ ሌላው ሰው ሲያወሩ ነበር።