የድምሩ ሚዛን

ከኦልድ ካምፓላው መስጊድ ማማ ላይ ለቆመ ሰው ሙላጎ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ፊስት የተባለ ጥናት ሙላጎን ጨምሮ በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ከ3,000 በላይ በጠና የታመሙ ልጆችን አካቷል። በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህሉ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶው በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። ጉድ ፈላ!

የብዙ ጥናቶችን ውጤት የሚደምረው ሜታ አናሊሲስ ለትልቅ ጥናት ትልቅ ክብደት ይሰጣል፤ ፊስት ከገባ ድምሩ ወደ እሱ ያጋድላል። ያኔ አንዳንድ ሊቃውንት ወባው፣ የደም ማነሱና የጽኑ ሕክምና ክፍል እጦቱ ትዝ አላቸው፤ አፍሪካ ልዩ ናት ተባለ። እውነት ነው፣ የማይመሳሰለውን መደመር ስህተት ነው። ግን ፈሳሽ በፍጥነት ስጡ የሚለው የሀብታም አገር መመሪያ ወደ ሙላጎ ሲላክ ይህ ልዩነት የት ሄዶ ነበር? ደማሪዎች ሆይ፣ እባካችሁ በመምጫውም በመሄጃውም ቁጠሩልን።