ሽማግሌ መልሶ ጦር ለመስበቅ የሚረዳ መመሪያ

ጦርነት ከሰማይ የሚወርድ መዓት አይደለም። ሰዎች በደንብ አስበው፣ ስብሰባ ጠርተው፣ መግለጫ አውጥተው ያዘጋጁታል። ያለፉትን ዓመታት መቀሌ ሆኖ ያሳለፈ ሰው አዘገጃጀቱን ደረጃ በደረጃ ያውቀዋል። ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚያዙት ጦር፣ የሚናገርልዎ ቃል አቀባይና የሚጠቅሱት ሕገ መንግሥት ካለዎት፣ አገርዎን እሳት ውስጥ የሚከቱበት መንገድ እነሆ። ምክሩ የፌዝ ነው። የሚጠቀሰው ነገር ግን ሁሉም የሆነ ነው፤ የምጽፈውም እንዳይደገም እየፈራሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሽማግሌ ሲመጣ በክብር ይቀበሉት። ወንበር ያስቀርቡለት፣ ካሜራ ፊት ይጨብጡት፣ ሲመሽ ባዶ እጁን ይሸኙት። በሰኔ 2012 የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ከአዲስ አበባ ተነስተው መቀሌ ገብተው ነበር። በዚያን ጊዜ በፌዴራል መንግሥቱና በሕወሓት መካከል የነበረው ነገር ምን ነበር? የኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና መሆን፣ የምርጫ ቀን፣ የሥልጣንና የቂም ጉዳይ። ከባድ ነበር፤ ግን ሁሉም በአፍ የሚያልቅ ነበር። በዚህ ጸብ ገና አንድ ወታደር አልሞተም፣ አንድ ባንክ አልተዘጋም። ሽማግሌዎቹ ያለ ውጤት ተመለሱ። እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ቀን ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነበርና።

ቀጥለው ሕገ መንግሥቱን መነጋገሪያ ሳይሆን መማቻ ያድርጉት። በ2012 ክረምት ሊካሄድ የነበረው አገር አቀፍ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ሲራዘም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥቱ ዕድሜ እንዲቀጥል ወሰነ። ትግራይ ደግሞ ጳጉሜ 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች። አዲስ አበባ የመቀሌን ምርጫ እንዳልተደረገ ይቆጠራል አለች፤ መቀሌም የአዲስ አበባ መንግሥት ዘመኑ አብቅቷል አለች። ከዚያ ምክር ቤቱ የፌዴራሉ መንግሥት ክልሉን አልፎ ከታችኛው አስተዳደር ጋር እንዲሠራ ወሰነ። ሁለቱም ያንኑ ሰነድ ይዘው ተሟገቱ፤ አንቀጽ የሚጠቅስ ሞልቶ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። በጥቅምት 2013 ለሰሜን ዕዝ ምክትል አዛዥነት የተሾመ ጄኔራል መቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሰ በኋላ እንዲመለስ ተደረገ። በዚያች ሰዓት እንኳ ነገሩ አልረፈደም ነበር። ጥቅምት 24 ሌሊት ግን የዕዙ ወታደሮች ለዓመታት አብረውት በኖሩት ሕዝብ መካከል ሳሉ ተጠቁ፤ በማግስቱም አገር ወደ ጦርነት ገባች።

ሦስተኛ ወገን ላደራድር ብሎ ሲመጣ «የውስጥ ጉዳያችን ነው» ይበሉት። የዚያን ጊዜው የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበር ሲሪል ራማፎሳ ሦስት የቀድሞ መሪዎችን ልከው ነበር፤ የሞዛምቢኩን ጆአኪም ቺሳኖን፣ የላይቤሪያዋን ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍንና የደቡብ አፍሪካውን ካሌማ ሞትላንቴን። አዲስ አበባ ገብተው ጠቅላይ ሚኒስትሩን አነጋገሩ፤ መቀሌ ግን አልደረሱም። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር በተነጋገሩ ማግስት፣ ኅዳር 19 ቀን 2013፣ የፌዴራሉ ጦር መቀሌን ያዘ። ዘመቻው ተጠናቀቀ ተባለ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ያው ኅብረት ያንኑ ጠረጴዛ ፕሪቶሪያ ላይ ዘረጋው፤ ሁለቱም ወገኖች መጥተው ተቀመጡ። በመካከሉ ያለቀውን ሕዝብ ቁጥር በትክክል የሚያውቅ የለም። ከአደራዳሪዎቹ አንዱ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ግማሹ እንኳ ቢሆን፣ ያንን ጠረጴዛ በኅዳር 2013 ማንኳሰስ ይቅር የሚባል ጥፋት አይደለም።

ሲያሸንፉ አይቁሙ። ይህ ምክር ለሁሉም ወገን ይሠራል፤ ሁለቱም ተጠቅመውበታል። ሰኔ 21 ቀን 2013 የትግራይ ኃይሎች መቀሌን መልሰው ሲይዙ፣ የፌዴራሉ መንግሥት የተናጠል ተኩስ አቁም አወጀ። ያ ቀን ለሕወሓት ከሁሉ የተሻለው የድርድር ቀን ነበር፤ ከተማዋ በእጁ፣ ዓለም ጆሮውን ሰጥቶት። እሱ ግን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ገሰገሰ። ላሊበላ፣ ወልድያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ እስከ ደብረ ሲና፤ በአፋር በኩልም እንዲሁ። ማይካድራና አክሱም ላይ የተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች ሳያንሱ፣ ቆቦና ጭና ተጨመሩ። በታኅሣሥ 2014 ጦሩ ወደ ትግራይ ተመለሰ፤ ከዚያ ጉዞ ለትግራይ ሕዝብ የተረፈው ከጎረቤቱ ከአማራና ከአፋር ሕዝብ ጋር የተቆራረጠ ዝምድና ነው።

የጎረቤት ጦር ይጋብዙ፤ ግቡ ብለው ሲያበቁ ግን አልገቡም ይበሉ። የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ ውስጥ መኖራቸው ለወራት ሲካድ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ለፓርላማ አመኑ። የጎረቤት ጦር የሚመጣው የራሱን ሒሳብ ይዞ ነው፤ ሲወጣም እርስዎ ባሉት ቀን አይወጣም። ፕሪቶሪያ ላይ የፈረሙት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አስመራ አልፈረመችም። በስምምነቱ ያልተቀመጠ ኃይል በመሬቱ ላይ ከተቀመጠ፣ ስምምነቱ ምን ያህል እንደሚጸና መገመት አያዳግትም።

ከተማን ከበው ጉሮሮዋን ይያዙ። ባንክ፣ ስልክ፣ መብራት፣ መንገድ፣ በረራ፤ ሁሉንም ይዝጉና ጠላት ይንበረከካል ብለው ይጠብቁ። የመቀሌውን ዓይደር ሆስፒታል ያዩ ሰዎች ማን እንደተንበረከከ ያውቃሉ። ሐኪሞች አንድ ጊዜ ብቻ መደረግ ያለበትን ጓንት እያጠቡ ደጋግመው አደረጉ። ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳያገኙ ሥራ ገቡ። ኢንሱሊን ሲያልቅ የስኳር ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆመው፣ መድኃኒቱን ስሙን እያወቁ፣ መጠኑን እያወቁ፣ የሚሰጡት አጡ። ባንክ ውስጥ የራሱ ገንዘብ ያለው አባት ለልጁ ዱቄት መግዣ ለመነ። ጄኔራሎቹ በዚያ ወቅት አልተራቡም። ነሐሴ 20 ቀን 2014 ደግሞ፣ ውጊያው ዳግም በተነሳ በሁለት ቀኑ፣ መቀሌ ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በአየር ተመታ፤ ሕፃናት ሞቱ። ለዚህች ከተማ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ዓይደር የሚለው ስም ራሱ የሚያስታውሰው ግንቦት 28 ቀን 1990 የኤርትራ አውሮፕላኖች ትምህርት ቤት ላይ የጣሉትን ቦምብ ነው፤ ያን ቀንም የአሜሪካና የሩዋንዳ የሰላም ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ እንዳ ኢየሱስ እንዳይሄዱ። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለበት ያ ኮረብታ ይህን መመሪያ ከንቱ ያደርግብዎታል። በ1888 መግቢያ ላይ የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ መሽጎ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ፊት ለፊት ገጠመው፤ ብዙ ሰውም አለቀበት። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ አደረጉ፤ ምሽጉ በውኃ ጥም ተጨነቀ። እስከዚህ ድረስ የጦር ሥራ ነው። ዓፄ ምኒልክ ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው የሚገርመው፤ የተጠማውን ጦር መፍጀት እየቻሉ በድርድር ለቀቁት። ጋሊያኖ መሣሪያውን እንደያዘ በጥር ወር ወጣ፤ በራስ መኮንን ጦር ታጅቦ ሄደ። ያን ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ የሰላም ቃል መላካቸውን አላቆሙም። የጣሊያን ሹማምንት ግን የምኒልክን ትዕግሥት ድካም አድርገው ቆጠሩት። የካቲት 23 ዐድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል፤ ጋሊያኖም እዚያው ሞተ። ከድሉ በኋላ ወደ መረብ ማዶ መሻገር ነበረባቸው ብለው የሚከራከሩ ዛሬም አሉ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያ ጦር ደክሟል፣ ስንቁ አልቋል፤ ምኒልክም ድሉን በጥቅምት 1889 በአዲስ አበባ ውል የአገራቸው ነፃነት የታወቀበት ወረቀት አደረጉት። ጦሩ ለቃላቸው ክብደት ሰጠ፤ ቃላቸው ጦሩን ከከንቱ ሞት አዳነ። ይህንን ያየ ሰው ደግሞ ጦርና ንግግር አንዱ የጀግና፣ ሌላው የፈሪ ነው ቢሉት አያምንዎትም።

በመጨረሻ፣ መፈረም ግድ ከሆነብዎ ይፈርሙና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት። በዚህስ ልምድ አለን። የባድመ ጦርነት በታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ስምምነት ተዘጋ፤ የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ብይኑን ሰጠ፤ ባድመ ለኤርትራ ተበየነች፤ ብይኑ ግን ለ16 ዓመታት መሬት ላይ አልወረደም። በጦር ሜዳ ያሸነፈችው ኢትዮጵያ በፍርድ ቤት የተሸነፈችውን ለመዋጥ አቃታት፤ ኤርትራም ምክንያት አገኘችና ሕዝቧን በማያልቅ ውትድርና ያዘች። ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ እርቅ ሲወርድ ደግሞ ድንበሩ ላይ የሚኖረው ሰውና መቀሌ ከጨዋታው ውጪ ነበሩ። ዛላምበሳ በአዲስ ዓመት ተከፍታ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተላቅሶ፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተዘጋች። መሪዎች ተቃቅፈው ሕዝብ ያልተካተተበት ሰላም የሚቆየው መተቃቀፉ እስከሚቆይ ብቻ ነው።

ፕሪቶሪያም ወደዚያው መሳቢያ እየሄደች ይመስለኛል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሬድዋን ሁሴንና ጌታቸው ረዳ ፈረሙ፤ ኅዳር 3 ቀን ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናይሮቢ ላይ አፈጻጸሙን ፈረሙ። ጥይት ቆመ፤ በታኅሣሥ አውሮፕላን መቀሌ አረፈ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀረው ግን ብዙ ነው። የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታሉ ተባለ፤ አልተፈቱም። ትጥቅ ይፈታል ተባለ፤ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በመቀሌው ሰባ ካሬ መጠለያና ትምህርት ቤቶች ውስጥ ዓመት ላይ ዓመት ቆጠሩ። በመጋረጃ ተከፍሎ ሦስትና አራት ቤተሰብ የሚያድርበት የመማሪያ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ከሥሩ ምጣድና ጀሪካን ተደርድሯል። ሕወሓት ደግሞ በነሐሴ 2016 ባካሄደው ጉባኤ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በመጋቢት 2017 አንደኛው ክንፍ የመቀሌን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት እስከ መያዝ ደረሰ። ተፈናቃዩ ማን ቢሮ እንደያዘ ሳይሆን ማን ወደ ቤቱ እንደሚመልሰው ነው የሚጠይቀው።

አሁን ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አሰብ በሚወራበት ጊዜ ሁሉ መቀሌ ውስጥ ሰው ባንክ በር ላይ ይሰለፋል፤ የቻለ ጤፍና ዘይት ይሸምታል። የባሕር በር ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ 120 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ያላት አገር ብታነሳው ነውር የለበትም። ከሶማሊላንድ ጋር በታኅሣሥ 2016 በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ የተነሳው ከሶማሊያ ጋር ያለ ጸብ እንኳ በዓመቱ አንካራ ላይ በቱርክ አደራዳሪነት በረደ፤ ስለዚህ መነጋገር አያቅተንም። ያ ጥያቄ በጦር ከተነሳ ግን ጦሩ መጀመሪያ የሚረግጠው ይህንኑ ያልዳነ መሬት ነው።

ባሕር ማዶ ሆናችሁ የሰው ልጅ ወደ ግንባር እንዲሄድ የምትቀሰቅሱ ወገኖች፣ ከማንም ወገን ሁኑ፣ እባካችሁ ተዉ። አዲስ አበባም መቀሌም አስመራም ያላችሁ ባለሥልጣናት፣ ሰባ ካሬ ያሉት ሰዎች ከቀጣዩ ክረምት በፊት ወደ ቤታቸው የሚገቡበትን ቀን ቁረጡ፤ ፊርማችሁን የምናምነው ያን ቀን ነው። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሽማግሌ መንገድ ጀመረ ሲባል ብትሰማ አታፊዝበት፤ ዘመድህ ከሆነ ስንቅ ቋጥርለት፣ ካልሆነም አብረኸው ተነሳ።