ደመራው ወዴት ወደቀ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነው። ለድግስ ተወልዶ አመሉ እስካሁን አልለቀቀውም፤ በዓል ባየ ቁጥር ዓይኑ የክብር ወንበሮቹን ይፈልጋል።

የመስቀል ዋዜማን የቀጥታ ሥርጭት እንይ። አዛውንቶቻችን የዓመቱን ነገር የሚገምቱት ደመራው በወደቀበት አቅጣጫ ነው። ምሰሶው ዘንበል ማለት ሲጀምር ግን ካሜራው የፊት ረድፍ ላይ ወደተቀመጡት ባለሥልጣናት ዘወር ይላል። ሲመለስ ደመራው ተኝቷል። ዓመቱ ጥጋብ ይሁን ረሃብ አላወቅንም፤ የማን ከረባት ምን ቀለም እንደነበረ ግን አጥርተን አይተናል። ጋዜጠኛውም ችቦ ሳይለኮስ «በዓሉ በድምቀት ተከብሯል» ብሎ ገላግሎናል።

አደባባይ የዋለውም ቢሆን ከእኛ አልተሻለም። እሳቱን የሚያየው በስልኩ ውስጥ ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህቱ «እስቲ ትንሽ ወደ ግራ አድርገው!» ስትለው ይታዘዛል፤ ለበዓል ወጥቶ ካሜራማን ሆኖ ይገባል። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም. ሲመዘግብ ይህን ሙያ ሳያካትት ቀርቷል።

ለማንኛውም ዘንድሮ ወደ ሰፈራችሁ ደመራ ውጡ። እዚያ ቀጥታ ሥርጭት ስለሌለ፣ ሲወድቅ ይታያል።