ጓዳ ጠርጎ ለመጽደቅ

ፔሳሕ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሽዶድ ውስጥ ቤቱን የማይገለብጥ ሰው ጥቂት ነው። በሮቫ ዛይን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙና ልጅ የበዛላቸው ቤተሰቦች በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ ለሐሜጽ (እርሾ ላለበት ምግብ) ፍርፋሪ ሲባል ሶፋ ይነሣል፣ ቁም ሣጥን ይራገፋል፣ የፍሪጁ ጀርባ ሳይቀር ይፈተሻል። ፍርፋሪ ሲፈለግ ታዲያ ሌላ ሌላው ይገኛል፦ እጀታው የወለቀ ብረት ድስት፣ ጓደኛው የጠፋበት ጫማ፣ ሦስት ልጅ ያሳደገ የሕፃን ጋሪ፣ መሐሉ የሰረጎደ ፍራሽ። ሕጉ ሐሜጹን አቃጥሉት ይላል፤ ስለ ፍራሹ ግን ያለው ነገር የለም። ይህ ምክር የተጻፈው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው፦ ቤትዎ እንዲጸዳ፣ እርስዎም በዚያው እንዲጸድቁ፣ ኪሳራውን ግን ሌላ ሰው እንዲችለው።

ከሁሉ አስቀድሞ አሳብዎን ያስተካክሉ። «ማን ምን ጎደለው?» ብሎ የሚነሣ ሰው ገና ከጅምሩ ተሳስቷል፤ ይህ ጥያቄ ገበያ ይወስዳል፣ ገንዘብም ያስወጣል። የእርስዎ ጥያቄ «ምን ሰለቸኝ?» ይሁን። እዚህ ላይ የጥንቱ ልማድ እንዳያሳስትዎት ይጠንቀቁ። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በአካባቢው በነበሩበት ዘመን ለፋሲካ የከረመውን ሸክላ ሰብረው በአዲስ ይተኩ ነበር። ሸክላውን የሚሠሩት እናቶች ራሳቸው ስለነበሩ የጭቃውንም የድካሙንም ዋጋ አሳምረው ያውቁታል፤ ቢሆንም ለበዓል የማይሆነው ድስት ዕጣው መሰበር ነበር። የዛሬ ሰው እንዲህ አያባክንም። ዕቃው ለራሱ በዓል እንደማይመጥን ካረጋገጠ በኋላ ለሌላ ሰው በዓል ይልከዋል። የትኛው ዕቃ ለልግስና እንደ ደረሰ ለመለየት ቁራሌው ይበቃዎታል። አዲስ አበባ ላይ በየመንደሩ የሚዞረው ቁራሌውም ሆነ እዚህ በድምፅ ማጉያ «አልቴ ዛኽን» እያለ የሚያልፈው ሰው ዕቃን የሚያየው በነጋዴ ዓይን ነው። እሱ በነፃ እንካ ተብሎ እንቢ ካለ፣ ያ ዕቃ ያለ ጥርጥር የድሃ ነው።

ቀጥሎ የሚታሰበው የማስረከቢያው ሰዓት ነው። አሙታዎች፣ ማለትም የበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ የመቀበያ ሰዓት አላቸው፤ በሰዓቱ ከደረሱ ግን በሩ ላይ ያለው ሰው ጆንያውን ፈትቶ ያያል፣ ያየ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዘጉ በኋላ ይሂዱ። ሶፋ ከሆነ እስከዚያም መድከም የለብዎትም፤ ከደረጃው ሥር ወይም ከሚቅላቱ (ከመጠለያው) በር ፊት ይተዉትና «የፈለገ ይውሰድ» የሚል ወረቀት ይለጥፉበት፤ ወረቀቱ ከተለጠፈ ቆሻሻነቱ ቀርቶ ስጦታ ሆኗል። አሽዶድ ውስጥ ሳይረን ሲጮኽ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 45 ሰከንድ ነው። ከዚህ ላይ ሕፃን ታቅፎ ሶፋ ለመሻገር ስንቱ እንደሚያልቅ ጎረቤቶችዎ ያስሉት።

በሌሊት ጥሎ መሄድ የሃይማኖት ድጋፍም አለው የሚል አይጠፋም። የአይሁድ ሊቁ ራምባም በ12ኛው መቶ ዘመን ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲከፍል፣ ሰጪው ተቀባዩን፣ ተቀባዩም ሰጪውን የማያውቅበትን ከላይ ሁለተኛ አድርጎ አስቀምጦታል። በጨለማ ጆንያ የጣለ ሰው ይህን ደረጃ በአንድ ሌሊት ይይዘዋል። እንዲያውም ይበልጠዋል፤ ዕቃውን የሚወስደው ስለሌለ ተቀባይ የሚባል ሰው ጭራሹኑ የለማ! የሚያስቸግረው ነገር ራምባም እዚያው ላይ ስለ ምጽዋት ሣጥን ሲናገር፣ የሚያስተዳድረው ሰው ታማኝና አስተዋይ መሆኑን ሳታውቅ አትስጥ ማለቱ ነው። ስውርነቱ የተቀባዩን ፊት ከእፍረት እንዲያድን ታስቦ እንጂ ሰጪውን ከጥያቄ እንዲያስመልጥ አልነበረም። ይህን ክፍል ሳያነቡ ይዝለሉት።

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ድሃ ምን ያማርጣል?» የሚለው ክርክር የሥራው ሁሉ ምሰሶ ስለሆነ አጥብቀው ይያዙት፤ የሚነቀንቀው ብዙ ነውና። ታልሙድ የጥንቱን ሊቅ ሂሌልን ይጠቅሳል። ከትልቅ ቤት ተወልዶ ለደኸየ ሰው የሚጋልበው ፈረስና ከፊቱ የሚሮጥ አሽከር አገኘለት፤ አሽከር የታጣ ዕለት ደግሞ ሂሌል ራሱ ሦስት ሚል ያህል ከፊቱ ሮጠለት። (ጓዳውን ቢያይ ኖሮ አንድ የተቀደደ ኮርቻ አያጣም ነበር።) ሚሽናም ቢሆን ከምጽዋት የሚበላው ድሃ እንኳ በፋሲካ ሌሊት ከአራት ጽዋ እንዳያንስበት ያዛል። ልኩ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ከሰጪው ጠርሙስ ሥር የተረፈችውን ያህል አላለም።

የሩቁም ምስክር ከዚህ አይሻልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 አርመኒያን ርዕደ መሬት በመታት ጊዜ ከዓለም ዙሪያ 5 ሺህ ቶን ያህል መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጎረፈላት። ምን እንደ መጣ ለይቶ ለማወቅ ብቻ 50 ሰው ስድስት ወር ደከመበት፤ ተለይቶ ወዲያው ሊሠራበት የሚችለው 30 ከመቶ ያህሉ ነበር፤ አንድ አምስተኛው መጨረሻው መወገድ ሆነ። ላኪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የላኩት ግን የተጠየቁትን ሳይሆን የተረፋቸውን ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የማይረባ ልገሳ ወደ ቆሻሻ ለማስወሰድ በዓመት ሚሊዮኖች ዶላር ይከፍላሉ። ይህ ለእርስዎ የምሥራች ነው፦ የእርስዎን ፍራሽ ማስጣያ የሚከፈለው ለሌላ ሰው ምግብ ከተዋጣ ገንዘብ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ምስጋና ይቀበላሉ።

«ሳልባጅስ? ስንቱን ሰው አልብሷል!» የሚል ተከራካሪ ግን በቀላሉ አይመለስም፤ እውነት አለው። እርግጥ ጉዳትም አላጣውም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ጋርት ፍሬዘር በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1981 እስከ 2000 የአፍሪካ የልብስ ምርት ካሽቆለቆለው ውስጥ 40 ከመቶ ያህሉ ከውጭ የገባ ያገለገለ ልብስ ያመጣው ነው ብሏል። ኢትዮጵያም ልባሽ ጨርቅ ለንግድ እንዳይገባ ከልክላለች። ይሁንና በኮንትሮባንድ የሚገባው ሳልባጅ ኪሱ የሳሳውን ሰው እያለበሰ ነው። የሳልባጅ ገዢ ግን ልብሱን ገልብጦ ያያል፣ ብብቱን ይፈትሻል፣ ይከራከራል፣ ካልጣመውም ጥሎት ይሄዳል። ልብሱ አሮጌ መሆኑ አልጎዳውም፤ መምረጥ ችሏልና። ከእርስዎ ጆንያ ጋር የሚያመሳስለው ጨርቅ መሆኑ ብቻ ነው።

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ያለ ጓዝ ሲገቡ ያገለገለ ልብስ ለብዙዎች ደራሽ አልነበረም ወይ? የሚል ጥያቄም ይነሣ ይሆናል። በሚገባ ደራሽ ነው። ያኔ ግን የጎደለው በዓይን ይታይ ነበር፤ ማን እንደ መጣ ይታወቃል፣ ልጁም አዋቂውም ይቆጠራል። ያንን ቀን ምክንያት አድርጎ ዛሬ ለማይታወቅ ሰው የማይታወቅ ልክ ያለው ካፖርት፣ ያውም በሚያዝያ፣ መስጠት የእርስዎ ፈንታ ነው።

በሮቫ ዛይን እጅግ የሚፈራው ገማኽ የሚሉት የውሰት ቤት ነው። አንዱ ቤት የሚታጠፍ ወንበር፣ ሌላው የሙሽራ ልብስ፣ ሌላው የሕፃን አልጋ ያኖራል፤ የቸገረው ተውሶ ይሄዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ትልቁ ያድ ሳራም በ1976 ኢየሩሳሌም ውስጥ የተጀመረው እንዲሁ ነው። መሥራቹ ኡሪ ሉፖሊያንስኪ ለታመመ ልጁ የእንፋሎት መሣሪያ ከጎረቤት ተዋሰ፤ ከዚያም ጥቂት ገዝቶ ራሱ ማዋስ ጀመረ። ዛሬ ከዚያው ድርጅት ተሽከርካሪ ወንበርና ምርኩዝ መዋስ ይቻላል። የገማኽ መጥፎነቱ ሰጪና ተቀባይ ቦታ መለዋወጣቸው ነው። ዛሬ ወንበር የሰጠ ሰው ልጁን ሲድር ያንኑ ወንበር ይዋሳል፤ ስለዚህ እግሩ የተነቃነቀ ወንበር ይዞ አይመጣም፣ ቢመጣም ገማኹን የያዘችው ሴት አትቀበለውም። ለራስ የሚመለስ ዕቃ ባለበት ይህ ምክር ዋጋ የለውም፤ በሩቁ ይለፉት።

ትሉሽ (የመግዣ ኩፖን) ወይም ገንዘብ የተሞላበት ካርድ ስጡ የሚሉም አሉ። አይስሟቸው። ካርድ የያዘች እናት ሱቅ ገብታ ለልጇ ልኩን ጫማ ትገዛለች፤ የዶሮውንም ብዛት ራሷ ትወስናለች፤ በረንዳዎ ላይ የተከመረውን ግን ካርዱ አያነሣልዎትም። ከዚህም የሚብሰው ራምባም ከስምንቱ ደረጃ ቁንጮ ላይ ያስቀመጠው ነው፦ ብድር መስጠት፣ ሽርክና መግባት፣ ሥራ ማስያዝ፣ ሰውዬው ከእንግዲህ የማንንም እጅ እንዳያይ። ይህን ያደረጉ እንደሆነ ሰውዬው ለሚመጣው ፔሳሕ ከራሱ ደመወዝ አዲስ ሶፋ ገዝቶ ይጠብቅዎታል፤ ያን ጊዜ የእርስዎን አሮጌ ሶፋ ማን ይወስድልዎታል?