የሰደበኝ ነቅቷል

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይከፈልበት የሚገኝ ነገር የለም የሚል ሰው አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ይዞ አያውቅም። እዚያ ማንም ሳይጠይቅ፣ ሒሳብ ላይም ሳይደመር የሚሰጥ አንድ አገልግሎት አለ፤ መቀስቀስ። ሻወሩ በወረፋ ነው፤ ፎጣው በመያዣ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ ብትጠይቁ ወደ ሱቅ ትመራላችሁ። መቀስቀሱ ግን ለሁሉም እኩል፣ ያለ አድልዎ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይታደላል።

አዳዩ ዘበኛው ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ፣ በአንድ እጃቸው ባትሪ በሌላው ዱላ የያዙ ሽማግሌ። በዚያ ዱላ ሌባ ሲመቱ አላየሁም፤ በር ሲመቱበት የሰማ ግን ለሌባ ያዝናል።

«ሰባት ቁጥር! ሰባት ቁጥር! ተነስ ልጄ፣ መኪናው ጥሎህ ሊሄድ ነው!»

«አባባ፣ እኔ መንገደኛ አይደለሁም።»

«እንቅልፍ ነው እንዲህ የሚያናግርህ።»

«ነቅቻለሁ! የትም አልሄድም። እዚሁ ጉዳይ አለኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ነገሩን ያመዛዘኑት መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእውነት ግራ ገብቷቸው ጠየቁኝ፦

«የትም የማይሄድ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ሰዓት፣ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚመልስ ካለ ይምጣ። እኔ የቻልኩት ጉዳዬ ያለበት መሥሪያ ቤት በሩን የሚከፍተው 2 ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን ማስረዳት ብቻ ነው።

«ታዲያ ወረፋውን ማን ይይዝልሃል?» አሉና ወደ ስምንት ቁጥር አለፉ። ግድግዳው ችፑድ ስለሆነ የስምንት ቁጥርን መልስ ቃል በቃል ሰማሁት። እዚህ አልጽፈውም።

ለሰውየው ፍርድ አላጓድልም። አገር አቋራጭ መኪና ጎህ ሳይቀድ ተሳፋሪ ይጭናል፤ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ፣ መሽቶ መንገድ ላይ መቅረት ደግሞ ማንም አይወድም። ያመለጠው ሰው የሚያድረው እዚያው አልጋ ላይ ነው፣ ያውም ተመልሶ ከፍሎ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ሰፈሩ ቀስቃሽ አጥቶ አያውቅም። የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው፤ አዛኑ ሲያበቃ ቅዳሴው ይቀጥላል፤ በሁለቱ መሐል ረዳቶች «ባህር ዳር! ባህር ዳር!» እያሉ ይጮኻሉ። በዚህ ሁሉ ያልነቃ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ዘበኛ አይደለም።

ሲነጋ ለእንግዳ ተቀባይዋ አቤት አልኩ። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «ሁሉንም ነው የሚቀሰቅሱት» አለችኝ። ከሁሉም ጋር እኩል መበደሌ እንዲያጽናናኝ ጠብቃ ኖሯል።

«ለምን ሁሉንም?»

«ቀስቅሱኝ ያላቸው ማን እንደሆነ ይረሱታላ። ሁሉንም ሲቀሰቅሱ አይሳሳቱም።»

ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም፤ አሁንም እየፈለግኩለት ነው።

ተስፋዬ ከራሳቸው ጋር መነጋገር ነበር። በሩ ላይ አገኘኋቸው። ገና ሳልደርስ ከወገባቸው ሸብረክ አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ «እንዴት አደርክ ልጄ? ደህና አደርክ? እንቅልፍ እንዴት ነው?» አሉኝ። እንዴት እንዳደርኩ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም! አፌ ግን የለመደውን መለሰ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን።» ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው እስከ ሦስተኛው «እንዴት ነህ» ድረስ ቅሬታውን ካልጣለ ጽኑ ሰው ነው። እኔ በሁለተኛው ጣልኩት።

ቦሌ ባሉት ባለ ኮከብ ሆቴሎች በር እጀታ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ አለ። ካንጠለጠሉት ማንም አያንኳኳም። አውቶቡስ ተራ ያንን ካርድ ያንጠለጠለ ሰው «ምን ነክቶት ነው?» ተብሎ በሩ ይሰበርበታል። ልዩነቱ የገንዘብ ይመስላል፤ እኔ ግን የዘመን ነው እላለሁ። ለማደሪያና ለምግብ መክፈል ለእኛ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በፊት ሲከፈት፣ ሰዉ ከፍሎ መብላቱን እንደ ነውር ቆጥሮ አልገባ ስላለ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው አስለመዱት ይባላል። ከዚያ በፊት የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ መሆኑን መናገር ይበቃዋል፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሉታል። ያ እንግዳ ግን የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ አልነበረም፤ ባለቤቱ ነው። ባለቤቱም ሌሊት ቀስቅሶ፣ ስንቅ አሲዞ፣ እስከ ወንዙ ይሸኘዋል። ዘበኛችን የሚሠሩት በዚያ ሕግ ነው። የከፈልኩ መሆኔን ማንም አልነገራቸውም።

በከንቱ የተቀሰቀስነው ሰዎች ደጃፉ ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተሰበሰብን። ማታ ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን ለሻወር ስንሰለፍ አንዳችንም ሌላውን ሰላም አላልንም ነበር፤ በነጠላ ጫማ የቆመ ሰው እንዳላዩት መሆን የኮሪደሩ ደንብ ነው። አሁን ግን አንድ የጋራ ጠላት ስላገኘን ወሬው ደራ። ስምንት ቁጥር ሲሳደብ እንዳደረው አልነበረም፤ ዓይን አፋር የሒሳብ መምህር ሆኖ ተገኘ። ከሞጣ ጨርቅ ለመጫን የመጡ አንዲት ነጋዴ ብቻ ለዘበኛው ተከራከሩ። «ስልካችሁም ይቀሰቅሳችኋል። ስልክ ግን ቢሰድቡት አይሰማም። እሳቸው ሁሉን ሰምተው ነገም ይመጣሉ» አሉ።

ይህ ከነከነኝ። ሻይ ገዝቼ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸውና፣ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲሰድብዎት አይከፋዎትም?» አልኳቸው።

«ለምን ይከፋኛል? የሰደበኝ ነቅቷል ማለት ነው።» ሻይውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እኔ የምፈራው ጨዋውን ነው። ‹ተነሥቻለሁ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ይለኛል በለሰለሰ አንደበት። ያ ሰው ተመልሶ ተኝቷል። እሱ በር ላይ ነው ሁለቴ የምሄደው።»

2 ሰዓት ተኩል ላይ መሥሪያ ቤቱ ደረስኩ። እርግጥም ወረፋው ረዝሟል። የኔን ፋይል የያዘው ሠራተኛ እንደ ሁልጊዜው ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፣ ወንበር አቀረበልኝ፣ የቤተሰቤን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቀኝ። እንደ እሱ ያለ ጨዋ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም። ፋይሌም ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በፊት ትሕትናው ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን በለሰለሰ ቁጥር ፍርሃት ያዘኝ። በሩ ላይ ዱላ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፣ ከውስጥ «ተነሥቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እየተባልኩ።

በሚቀጥለው መስኮት አንዲት ሴትዮ ትጮኻለች። የዚያኛው መስኮት ሠራተኛ መልሶ ይጮኽባታል፤ «አትነዝንዢኝ!» ይላል፤ መሳቢያውን በኃይል ይከፍታል፣ ወረቀት ያገላብጣል፣ አንዱን መዞ ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪናጋ ይመታበታል። ወረቀቱን ወረወረላት። እየተራገመች አንስታ ሄደች፤ ጉዳይዋ አለቀ። ደግሞ ለሚቀጥለው ባለጉዳይ መጮኽ ጀመረ።

ወደዚያ መስኮት ልዛወር ተነሣሁ። የኔው ሰው ግን ቀድሞኝ ብድግ ብሎ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝ።