«ትንሽ ብትጨምር»፦ በአዲስ አበባ የርካሽ መኪና ፍለጋ ላይ የተደረገ ጥናት

መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል የሚል ሕግ በሌላው ዓለም አለ። እንዲያውም አዲስ መኪና ገና በመጀመሪያው ዓመት ከዋጋው አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል ይባላል። ሕጉ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። እዚህ አንድ ሰው ቪትዝ ይገዛል፤ ዐሥር ዓመት ይነዳታል፤ ሁለት ጊዜ ያጋጫታል፤ አንድ ክረምት ጎርፍ ውስጥ ያቆማታል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ከገዛበት አራትና አምስት እጥፍ ይሸጣታል። ከዐሥር ዓመት በፊት በሁለትና በሦስት መቶ ሺህ ብር ትገኝ የነበረችው መኪና ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ይጠራባታል። በመኪናዋ በኩል የተለወጠ ነገር ቢኖር ዐሥር ዓመት ማርጀቷ ብቻ ነው። ይህ ጥናት የሚመረምረው በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ ኪሱ የሳሳ ሰው ርካሽ መኪና ፍለጋ ሲወጣ የሚደርስበትን ነው።

ክስተቱ ተአምር አይደለም፤ ምክንያት አለው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። የታሰበው አገሪቱን ከአሮጌ መኪና ለመጠበቅ ነበር፤ የሆነው ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ከቅርስ ተራ መሰለፉ ነው። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ሦስቱ ሲደማመሩ፣ ጓሮ በሸራ ተሸፍና ዶሮ ያድርባት የነበረች ዲኤክስ በአንድ ሌሊት ኢንቨስትመንት ሆነች። ለዶሮዎቹ ሌላ ማደሪያ ተፈለገላቸው።

የጥናቱ ዋና ተሳታፊ ገዢው ነው። ገዢው ከቤቱ ሲወጣ በጀት አለው። በጀቱም ቁርጥ ያለ ነው፤ ለሚስቱ ነግሯል፣ ወረቀት ላይ አስፍሯል፣ «ከዚህ በላይ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም» ብሎ ምሏል። የመጀመሪያው ደላላ ይህን ሁሉ በአክብሮት ያዳምጥና፣ «ወንድሜ፣ በዚህ ላዳ ነው የምታገኘው። ትንሽ ብትጨምር ግን ዲኤክስ አለችኝ» ይለዋል። ላዳ የምትናቅ መኪና አይደለችም። ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወልዳ፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶቪየቷ ቶሊያቲ ከተማ እየተሠራች፣ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ስንቱን አዲስ አበቤ አመላልሳለች። ገዢው ግን «ትንሽ ከሆነማ» ይላል። ዲኤክሷን ሊያይ ሲሄድ ባለቤቷ ከነዶሮዎቹ ታሪክ ሊያስረዳው ይጀምራል፤ ደላላው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «በዚህ ዋጋ ይቺን ከምትይዝ፣ ትንሽ ብትጨምር ቪትዝ አትገባም?» ይለዋል። ከቪትዝ ያሪስ ትንሽ ነው። ከያሪስ ኮሮላ ትንሽ ነው። አጥኚው ይህን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ለመከተል ሞክሮ ላንድክሩዘር አጠገብ ሲደርስ አቁሟል።

«ትንሽ» የሚባለውን መጠን በትክክል ለመለካት አልተቻለም። አንድ ባሕርይው ብቻ ታውቋል፤ ገዢው ያለውን ምንም ያህል ቢያሳድግ፣ የሚፈልጋት መኪና ሁልጊዜ በትንሽ ትበልጠዋለች። ልዩነቱን ለመሙላት ገዢው የዕቁብ ዳኛውን ተራው እንዲቀድምለት ይማጠናል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ይበደራል፤ በመጨረሻም አሜሪካ ላለችው እህቱ ይደውላል። እህቱ ዋጋውን ሰምታ በመጀመሪያ ዝም ትላለች። ቀጥላ፣ «በዚህ ብር እኮ እዚህ ካምሪ ይገዛል» ትላለች። ይህ ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ለማንም ጠቅሞ አያውቅም።

የደላላው አነጋገር ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። መኪናዋን የያዛት ሰው ወይ ሐኪም ነው ወይ ሴት ናት። ሐኪም የያዛት ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት ብቻ ሄዳለች። ሴት የያዘቻት ከሁለተኛ ማርሽ አልፋ አታውቅም (ለዘመናት በሁለተኛ ማርሽ ስትጮህ የኖረች መኪና ሞተሯ ምን ሊመስል እንደሚችል የጠየቀ ገዢ እስካሁን አልተገኘም)። ሴት ሐኪም የያዘቻት መኪና ብትገኝ ዋጋዋ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። የምትሸጠውም እንከን ኖሮባት አይደለም፤ ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ነው። ቪዛው ተመትቷል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ቀኑ ደርሷል፤ ዛሬ ካልተገዛች ነገ ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ ይመጣል። ሻጮቹ በሙሉ እንደተባለው ቢሄዱ ኖሮ የከተማዋ የትራፊክ መጨናነቅ ድሮ በተፈታ ነበር። ይሁንና ብዙዎቹ ከሁለት ወር በኋላም ያው ካፌ በር ላይ ማኪያቶ ይዘው ይታያሉ፤ በረራው ተራዝሞባቸው ይሆናል።

እዚህ ላይ የውጭ ሊቃውንትን ማንሳት የግድ ነው፤ ጥናት ያለ ውጭ ሊቅ አይጸናም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ የአሮጌ መኪና ገበያን እንዲህ ተንትነዋል፦ ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለማያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች መልሰውባቸው የነበረ ሲሆን በ2001 እ.ኤ.አ. ግን የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አደረጋቸው። መጽሔቶቹ የመለሱት ደላላ ስላልተካተተበት ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በእኛ ገበያ ንድፈ ሐሳቡ የሚሰናከለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ሻጩም አያውቅም። ኮፈኑን ከፍቶ አያውቅም። እሱም የገዛት ውጭ ሊሄድ ከነበረ ሰው ነው።

ስለዚህ ዕውቀቱ የሚገኘው ገዢው ይዞት በሚሄደው መካኒክ ዘንድ ነው። መካኒኩ ብዙ አይናገርም። ሲደርስ መጀመሪያ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከሞቀ፣ ሞተሩ የጠዋት ሳሉ እንዳይሰማ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አስነስቶ የዘይቱን ክዳን ይከፍትና ትንፋሹን ያያል። ከኋላ የጭስ ማውጫውን ያስተውላል፦ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቷን፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱንና ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ ማባከኗን ያመለክታል። ሦስቱም በየተራ ከታዩ ደላላው «ብርዱ ነው» ይላል። ከዚያ መካኒኩ ላሜራውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ይዞራታል፤ ድምፁ ሲደፈን ስቱኮ ነው። ጥንቁቅ የሆነው ማግኔት ይዞ ይመጣል፤ ማግኔቱ የማይዝበት በር ብረቱ በአመዛኙ ትዝታ ሆኗል። ይህን ሁሉ ሲጨርስ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይናገራል፦ «ምንም አትልም» እና «ትንሽ ሥራ አላት።» ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ለፈላስፎች የተተወ ነው።

ስለ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብዙ አንልም። ሃያ ዓመት መንገድ ላይ በኖረች መኪና ላይ 86,000 የሚል ቁጥር ሲነበብ ሻጩ አያምንበትም፣ ገዢውም አያምንበትም፤ ዋጋ ሲነገር ግን ሁለቱም ይጠቅሱታል።

የሙከራ ጉዞው ሜዳ ለሜዳ ነው። ደላላው ከጎን ተቀምጦ «እዚህ ጋ ታጠፍ» እያለ ይመራል፤ በዚህ አመራር አዲስ አበባ ዳገት የሌላት ከተማ ሆና ትገኛለች። ገዢው ዳገቷን የሚያገኛት ከተዋዋለ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ነው። እዚህ ላይ ግን ለመኪናዋ ጠበቃ መቆም ያስፈልጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል፤ በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይገመታል። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተሯ ከፋብሪካ ሲወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ባለችው ከተማችን ከነዚህ ፈረሶች የሚሠሩት ሃምሳ ከጥቂት ይሆናሉ። ወደ አዳማ ሲወረድ አንዳንዶቹ ይመለሳሉ። ሁሉንም ማግኘት የፈለገ ግን እስከ ጅቡቲ መውረድ ይኖርበታል፤ እዚያም ቢሆን በእርጅና የሞቱትን አያገኛቸውም።

ውሉ የሚፈጸመው ሰነዶች ማረጋገጫ ነው። ከዚያ በፊት ዕዳና እገዳ ይጣራል፤ ቦሎው ይታያል፤ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ችግሩ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ አለመሆኑ ነው። ሻጩ በውክልና ነው የያዛት። ወካዩም በውክልና ነበር የያዛት። ምናልባት ከሁሉም ውስጥ በእውነት ውጭ የሄደው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ የሰፈራችን የውል ጸሐፊ ደግሞ «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል መስመር ያስገባል። ገዢው ይፈርማል። ደላላው ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽኑን ተቀብሎ «በደስታ ንዳት» ብሎ ይመርቃል፤ በዚህ ሁሉ ሂደት ከልብ የተነገረው ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ትንሽ ሥራ» የተባለው ጋራዥ ውስጥ ይዘረዘራል፦ ፍሪሲዮን፣ አሞርዛተር፣ የፊት ኩሽኔታ፣ ራዲያተር። ዕቃው ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። እዚያ አሮጌ ዕቃ ከአዲስ ይከበራል፤ «ይሄ ኦርጅናል የጃፓን ነው፤ ያኛው አዲስ ነው» ሲባል ተመራጩ የትኛው እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። በሌሊት ስፖኪዮው የተነቀለበት ሰው በማግስቱ የራሱኑ ስፖኪዮ ገዝቶ ይመለሳል ተብሎ በሰፊው ይነገራል። አጥኚው ይህን ማረጋገጥ አልቻለም፤ ስፖኪዮዎች መልካቸው አንድ ነው።

በዚህ መሀል መኪናዋ የሰፈሩ ሆናለች። ለቅሶ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ የሰርግ አጀብ አለ፣ የእማማ እገሌ በርበሬ ወፍጮ ቤት መድረስ አለበት። እንቢ ማለት አይቻልም።

መጨረሻ ላይ መነሳት ያለበት ማርሽ ነው። ማንዋል መኪና ባትሪዋ ሲሞት ተገፍታ ትነሳለች፤ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍጥነት ስትይዝ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። ኦቶማቲክ ግን ቢገፏት አትነሳም። ኪሱ የሳሳ ገዢ ማንዋል መምረጡ በዚህ በኩል ብልህነት ነው፤ የአዲስ አበባ መንገደኛ ለመግፋት ጥሪ አይጠብቅምና። ሊስትሮው ሳጥኑን ያስቀምጣል፣ ተማሪው ቦርሳውን ወደ ጀርባው ያዞራል፣ ከረባት ያሰረውም ይጨምርበታል። እየገፉም ይመረምራሉ፤ አንዱ «ዲናሞ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሞተሪኖ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ነዳጅ መኖሩን ይጠይቃል። ሞተሩ ሲነሳ ይበተናሉ። አንዱ ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ አቧራውን ከእጁ እያራገፈ፣ «ወንድሜ፣ አትሸጣትም?» ይላል፤ ቀጥሎም ዋጋ ይጠራል። ገዢው ዋጋውን አጥርቶ ለመስማት ሞተሩን ማጥፋት ይኖርበታል፤ ማጥፋት ግን አይችልም።