ባቡር ለማያልፍበት ሐዲድ ጎረቤቶች የተሰጠ ምክር

በአዋሽና በሐራ ገበያ መካከል ከሚኖሩት ዕድለኞች አንዱ ከሆኑ እንኳን ደስ አለዎት። ከደጅዎ አለፍ ብሎ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲረዝም የታቀደ፣ ወንዙን በድልድይ የሚሻገር፣ ተራራውን በስቶ የሚወጣ፣ ከላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተወጠረለት ዘመናዊ የባቡር መስመር አለ። የጎደለው ባቡር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ በአንዲት ነገር መጉደል ማማረር ደግሞ ከጨዋ ቤተሰብ ልጅ አይጠበቅም። ስለዚህ የሚያዋጣው እንዲህ ካለ ሐዲድ ጋር በክብር እንዴት መጎራበት እንደሚቻል መማር ነው።

ቁጥሮቹን በቃልዎ ይያዙ። እንግዳ መጥቶ ከበረንዳዎ ላይ ሐዲዱን ሲያይ “ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?” ማለቱ አይቀርም። በቀጥታ አይመልሱለት። ቡና ይቅረብና በአቦሉ ላይ የግንባታ ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር እንደተፈረመ፣ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሆነ፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ከቱርክና ከአውሮፓ ባንኮች በብድር እንደተገኘ ይንገሩት። በቶናው ሥራው በ2007 ዓ.ም. እንደተጀመረ፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትርም ግንባታው ካለቀ ዓመታት እንደተቆጠሩ ያክሉለት። ዋሻዎቹን ለበረካው ያቆዩ፤ ዋሻ ብዙ ያስወራል። በረካው ሲያልቅ እንግዳዎ ወይ ጥያቄውን ይረሳዋል፣ ወይ የአባዱላው ሰዓት ደርሶበት ይነሣል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው በምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ለእሱ ግን አያንሡበት።

ጆሮም ይሠለጥናል። ሌሊት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ባንነው “መጣ!” እያሉ ቤተሰብ አይቀስቅሱ፤ ሲኖትራክ ነው። ጡሩንባ ከሰሙም የቅጥቅጥ ሹፌር ነው። ከዚህ ምክር ነጻ የሆኑት የአዋሽ ሰዎች ብቻ ናቸው። በእነሱ በኩል የጅቡቲው መስመር ስለሚያልፍ የምር ባቡር ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን እንቅልፍዎን ይተኙ።

አስቸጋሪው ጠያቂ እንግዳው ሳይሆን የቤት ልጅ ነው። “አባዬ፣ ሽቦው ካለ ባቡሩ ለምን የለም?” ይላል። ልጅ በቡና አይሸነገልምና ነገሩን ከሥሩ ያስረዱት። ሽቦው 25 ሺህ ቮልት እንዲሸከም የተዘረጋ ነው። የሎኮሞቲቩ ጣራ ላይ ያለው ታጣፊ ክንድ ሽቦውን ከሥር እየዳሰሰ ኃይል ይቀበላል፤ ኃይሉ ሞተሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ በብረት ጎማው ወርዶ በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። ሽቦው ግን ራሱ አንዲት አምፖል የምታበራ ኃይል እንኳ አያመነጭም። በየጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሩ ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል። ማከፋፈያ ጣቢያው ደግሞ ከአገሪቱ የኃይል መረብ ተነሥቶ እሱ ዘንድ የሚደርስ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ይፈልጋል። የኮምቦልቻው ባቡር ግንባታው ካለቀ በኋላ ቆሞ የጠበቀው ይህን መስመር ነው። ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ምሰሶው ተተክሎ፣ ሽቦው ተወጥሮ ኃይሉ ሳይደርስ ቀረ።

ልጅዎ ትንሽ ነቃ ያለ ከሆነ “ታዲያ ለምን አብረው አልሠሩትም?” ብሎ ይቀጥላል። ሐዲዱ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ኃይሉ የሌላ መሥሪያ ቤት፣ ብድሩ የተለያየ፣ ተቋራጩ የተለያየ እንደሆነ ለማስረዳት ከሞከሩ ልጁ በዚያው የትምህርት ፍላጎቱን ሊያጣ ይችላል። “ስታድግ ይገባሃል” ይበሉትና ይለፉት። አይገባውም፤ እርስዎም አድገው አልገባዎትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች የባቡር ፕሮጀክት መርተው አያውቁም።

በዚህ አጋጣሚ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረጠው ያለ ምክንያት ነው ብለው እንዳያስወሩ አደራ። ምክንያቱ የምር ነው፤ እኔም ከልቤ የምቀበለው ነው። አገሪቱ ነዳጇን በሙሉ በዶላር ገዝታ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። በናፍጣ የሚሄድ ባቡር ማለት ናፍጣ ለማምጣት ናፍጣ ማቃጠል ማለት ነው። ወንዝ ግን አለን። ከአፋር ቆላ ወደ ወሎ ደጋ ለሚወጣ ዳገት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ከናፍጣው የተሻለ ጉልበት አለው፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬን የሚበላውን ኃይል ወደ ሽቦው መመለስ የሚችል ዓይነት አለ። ሐሳቡ ላይ እንከን የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ወንዙ አለ፣ ግድቡ አለ፣ ሽቦው አለ፤ ሁሉን የሚያገናኘው ነገር ግን ከመካከል ሲዘል፣ ቀና ብለው ወደ ሽቦው ያዩ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ነው።

ይህን የሚያነቡት ከኃላፊነት ወንበር ላይ ሆነው ከሆነ፣ ለእርስዎ ያለኝ ምክር ከዚህ ይለያል። ሽቦ ይዘርጉ። ሽቦ በፎቶግራፍ ያምራል፤ ምሰሶው በመስመር ተሰልፎ ወደ ተራራው ሲወጣ የሚያሳይ ምስል ለቀን መቁጠሪያ ይሆናል። ማከፋፈያ ጣቢያ ግን አጥር ውስጥ ያለ ብረት ነው፤ ማን ያየዋል? የመለዋወጫ መጋዘን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ለብሎን፣ ለቅባትና ለፍሬን ሸራ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን በአገራችን ታሪክ አልተመዘገበም፤ የመጀመሪያው መሆን የሚፈልግ ካለ ግን ቦታው ክፍት ነው።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ጥሩ መምህር ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 41 ባቡሮችና ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚያሰልፍ ስም ነበረው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ በጥቂት ብር መሄድ ተቻለ። እዚያ ኃይል የሚያደርሰው መስመር አልጠፋም፤ ሽቦውም ሥራውን ይሠራ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ቲኬቱ የሚሸጠው በብር ነው። ስለዚህ ስታዲየም ጣቢያ ላይ ቆመው ከራስዎ በላይ ያለውን ሽቦ ሲመለከቱ፣ ችግሩ ሽቦው ውስጥ እንዳልሆነ ይወቁለት። ሲመጣም ይግፉ፤ በዚህ ጉዳይ ጨዋነት አያዋጣም።

ለኮምቦልቻ ሰዎች እንደ ማጽናኛ የሚሆን አንድ ታሪክ ከአሜሪካ ላምጣ። ሚልዋኪ ሮድ የተባለ የባቡር ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1910ዎቹ ጀምሮ በሞንታናና በአይዳሆ ተራሮች፣ ቀጥሎም በዋሽንግተን ግዛት፣ በሁለት ቦታ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ዘረጋ። በዘመኑ እንደ ተአምር ተቆጥሮ ነበር። ነገር ግን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍተት ትቶ ነበር፤ እሱን ለመሙላት ገንዘቡ አልተገኘም። ከ50 ዓመት በላይ ባቡሩ በሽቦ ሄዶ፣ ሎኮሞቲቭ ቀይሮ፣ ያለ ሽቦ አልፎ፣ እንደገና ሎኮሞቲቭ ይቀይር ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1973 የኩባንያው አለቆች ተሰብስበው ሽቦውን አውርደን መዳቡን ብንሸጥ፣ ሁሉንም በናፍጣ ብናደርገው ያዋጣል ብለው ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉና የናፍጣ ዋጋ ተተኮሰ። ሰዎቹ ግን ቃላቸውን የሚያጥፉ አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ኤሌክትሪኩን ዘጉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1977 ከሰረ፤ በ1980 ወደ ምዕራብ ጠረፍ የሚሄደው መስመር ራሱ ተተወ። እንግዲህ ሽቦ ዘርግቶ አለመጠቀም የድሃ አገር ብቻ ሙያ ነው የሚልዎት ቢመጣ ይህን ይንገሩት።

ዚምባብዌም አለችልዎ። እ.ኤ.አ. በ1983 ከሐራሬ እስከ ጉዌሩ አጠገብ ያለችው ዳቡካ ድረስ በ25 ሺህ ቮልት ሽቦ ዘርግታ ሎኮሞቲቮቿን አሰማራች። በኋላ የመዳብ ሌቦች ሽቦውን በየሌሊቱ እየቆረጡ ወሰዱት፤ ባቡሩም ወደ ናፍጣ ተመለሰ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሽቦውም ኃይሉም ሞልቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መኸር የኤሌክትሪክ ዋጋ ሲሰቀል ፍሬይትላይነር የተባለው የጭነት ኩባንያ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮቹን አቁሞ በዚያው ሽቦ ሥር ለጊዜው በናፍጣ ጎተተ። እነሱ ግን ቢያንስ ይጎትቱ ነበር።

ናፍጣን ካነሣን፣ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ላይ መሳለቅ ነውር እንደሆነ ልምከርዎ። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የኤሌክትሪክ ሥራው ገና ሳይጠናቀቅ፣ እህል ከወደብ መጫን የጀመረው በናፍጣ ነው። መስመሩ በወጉ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። የተራበ ሰው ስንዴው በምን ተጎትቶ እንደመጣ አይጠይቅም። ኮምቦልቻም ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ወደብ መድረስ የሚፈልግ ዕቃ አለ። ኃይሉ እስኪመጣ ጥቂት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ፉርጎ ቢጎትቱ ሽቦው አይቀየምም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ይናገር፤ እኔም ከጎኑ እቆማለሁ።

አረጋዊ አያት ያሉዎት እንደሆነ ከሐዲዱ አጠገብ አያስቀምጧቸው፤ ማነጻጸር ይወዳሉ። የድሬዳዋው አሮጌ ባቡር ጠባብ ነበር፣ ዘገምተኛ ነበር፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ 20 ዓመት ያህል ግንባታ ፈጅቷል፤ በ1909 ዓ.ም. ለገሃር ሲገባም በላዩ አንዲት ሽቦ አልነበረውም። ይመጣ ግን ነበር። አያትዎ ይህን ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልዴን አስቀምጣለሁ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ይህ መስመርም ጉዳት ደርሶበታል። ለኃይል መዘግየቱ ተጠያቂ መፈለግ ይቻላል፤ በጦርነት የጠፋውን ግን ማንም በማብራሪያ አይተካውም። መስመሩ ከተመለሰ የሚመለሰው ያንን ሁሉ ዋጋ ተሸክሞ ነው፤ የብድሩም ወለድ ባቡር መጣ አልመጣ ብሎ አይቆምም።

አሁን የምለውን ግን የምር ይውሰዱልኝ። ምሰሶው ላይ ልብስ አያስጡ፣ ልጆች እንዳይወጡበት ይጠብቁ፣ ረጅም ብረት ወይም እርጥብ እንጨት ተሸክመው ከሽቦው ሥር አይለፉ። እስከ ዛሬ ማንንም ስላልነካ ሞቷል ማለት አይደለም። 25 ሺህ ቮልት ሽቦውን ያልነካውን ሰው እንኳ በቅርብ ርቀት ብልጭ ብሎ ይገድላል። ኃይሉ የሚለቀቅበትን ቀን ደግሞ ለእርስዎ ቤት መጥቶ የሚነግርዎ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ባቡሩን ባይጠብቁም፣ መብራቱን ሁልጊዜ እንደ መጣ ይቁጠሩት።